ፈሪ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ጠፋ

ወንድ ልጅ ትዳር ሲያስብ ጉብዝናውን የሚያወራለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ግን ድሬዳዋን ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከመጋላ እስከ ሳቢያን የዞርኩት "ይሄ ሰውዬ ፈሪ ነው" ብሎ የሚመሰክርልኝ አንድ ደግ ሰው ፍለጋ ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው አጣሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ፈሪነቴ ደግሞ ምስክር የሚያሻው ዓይነት አይደለም። ድመት ከአጥር ስትዘል እኔም አብሬ እዘላለሁ፤ እሷ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ባጃጅ ኩርባ ላይ ፈጠን ካለ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደርሳለሁ። ክትባት ልወጋ ሄጄ ገና ነርሷ ጥጡን ስታነሣ ወድቄ፣ ስነቃ "አለቀ?" ብዬ ብጠይቅ "ገና አልጀመርንም" ተብያለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ፈሪ ለእናቱ" እያለች ታጽናናኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ለማን እንደምፈራ አላውቅም፤ ብቻ እፈራለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሠርቶ ቢኖር ጥሩ ነው? እኔ የምኖረው ጀግንነት እየሸጥኩ ነው። የጀብዱ ልብ ወለድ ደራሲ ነኝ። ሻምበል ደምስን የማያውቅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

ደራሲነቱን የጀመርኩት ሳላስበው ነው። ድሮ የተያዘ የኮንትሮባንድ ዕቃ ሪፖርት የሚጻፍበት አንድ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ካርቶን ሙሉ ፓስታ ጥሎ ሸሸ፤ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። እኔ ግን ሰውዬው በእግሩ ሲሸሽ አሳዘነኝና ፈረስ ጨመርኩለት። ፈረስ ደግሞ ያለ አቧራ አያምርም፤ አቧራውንም አስነሣሁ። ከኋላው ተኩስ ከሌለ ደግሞ ለምን ይጋልባል? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሪፖርቱ ገጽ በገጽ ላይ ሆነ። አለቃዬ እስከ መጨረሻው ረጋ ብሎ አነበበና መነጽሩን አውልቆ፣ "ጥሩ ነው። ፈረሱ የት ታሰረ? ንብረት ክፍል ይረከበው እንጂ" አለኝ። ፈረስ እንደሌለ ስነግረው ትክ ብሎ አየኝና "ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለ። ስድብ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም መልስ ስላጣሁለት ሥራውን ለቀቅሁ።

ሻምበል ደምስ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ በሚከንፍ ባቡር ጣሪያ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየዘለለ ሽፍቶቹን አንድ በአንድ አራገፈ። በሁለተኛው ቀይ ባሕርን በዋና አቋረጠ። በሦስተኛው ትከሻው ውስጥ የተቀረቀረ ጥይት በሹካ አውጥቶ፣ በዚያው ሹካ ምሳውን ጨረሰ። ስለዚያች ሹካ ስንት አንባቢ ደውሎልኛል መሰላችሁ! ሁሉም "አይ ወንድ!" ነው የሚለው። "ሹካዋን አጥቧታል ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ የጤና መኮንን ብቻ ነው።

መጽሐፎቹ በመጽሐፍ አዟሪዎች ክንድ ላይ ከወገብ እስከ አገጭ ተቆልለው ይዞራሉ። አንድ ድምፀ ጎርናና ተራኪ ደግሞ ቀርጾ ስለለቀቃቸው ያላነበበውም ይሰማቸዋል። ድሬ እንደሆነች ለመስማት የተፈጠረች ከተማ ናት። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲጠና ሱቁ ይዘጋል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ አንድ ስልክ መሐል ይቀመጥና ሻምበል ደምስ መተኮስ ይጀምራል። ባጃጆች መስታወት ላይ ስሙ ተለጥፏል። በአካል ሲያገኙኝ ታዲያ ቅር የሚላቸው አሉ። የተራኪውን ድምፅ ጠብቀው የእኔን ቀጭን ድምፅ ሲሰሙ "ጉንፋን ነው?" ይሉኛል። "አዎ" እላለሁ። ይኸው ጉንፋን ከያዘኝ ስንት ዓመቴ።

ሁለት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ለኋላ ጣጣዬ መነሻው እሱ ነውና። አንደኛ፣ መጽሐፎቹ የተጻፉት "እኔ" እያሉ ነው። "እኔ ሻምበል ደምስ ሽጉጤን አቀባበልኩ" ነው የሚለው። ሁለተኛው የጀርባ ሽፋኑ ፎቶ ነው። አሳታሚዬ ፊቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና "ይሄ ፊት አይሸጥም" ብሎ ጥቁር መነጽርና የቆዳ ጃኬት አለበሰኝ። የቆዳ ጃኬት፣ በድሬ ፀሐይ! በግንባሬ የሚንቆረቆረውን ላብ ያየ ሁሉ ገና ከውጊያ የተመለስኩ ነው የሚመስለው። ከፎቶው ሥር ደግሞ "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" የሚል ጨመረ። "የማን እውነተኛ ታሪክ?" ብዬ ብጠይቀው "ገዢው ያውቃል" አለኝና ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

አሁን ወደ ፍሬሕይወት ልምጣ። ፍሬሕይወትን ያገኘኋት ባጃጅ ውስጥ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ክፍል ኃላፊ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ኩርባውን በአንድ ጎማ ሊዞር ሲል እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎቴን ጀመርኩ።

"አሞሃል?" አለችኝ።

"ኧረ ፈርቼ ነው።"

ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ የባጃጁን ሸራ መታችው። "ዕድሜዬን ሙሉ ወንድ ልጅ 'ፈራሁ' ሲል ሰምቼ አላውቅም" አለች። ስንወርድ ስልክ ቁጥር የጠየቀችው እሷ ናት፤ እኔማ በየት በኩል እደፍራለሁ።

ደራሲ መሆኔን ስትሰማ አንዱን መጽሐፌን ገዝታ ጀመረችው። በሳምንቱ "እንዴት ነው?" አልኳት። "ጥሩ እንቅልፍ ያስተኛል" አለች። "ያ ደምስህ አንድ ቀን አይደክመው፣ አያስለው፣ ሽንት እንኳ አይመጣበት። እንዲህ ያለ ሰው ጋ እንዴት ይኖራል?" እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንባቢ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ ያልተሰማኝ ደስታ ያን ቀን ተሰማኝ። እኔን የወደደችው እኔን ብላ ነው። ሌላ እንዲህ የሚለኝ ሰው እንደማላገኝም አወቅሁ።

ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሽማግሌዎቼን የሚመሩት የቤት አከራዬ ሐጂ ሙሜ ሆኑ፤ "ሆኑ" ያልኩት ለወጉ ያህል ነው፤ ድሬ ላይ ለአባትህም ለመንግሥትም "አንተ" ነው የምትለው። ሐጂ ሙሜ መጋላ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ አንደበቱ የጣፈጠ፣ በሦስት ቋንቋ አስታርቆ በአራተኛው የሚመርቅ ሰው ነው። ሁልጊዜ ያከብረኛል። ሳልፍ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፤ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው "እሱን ተወው" ብሎ ወሬ ያስቀይራል። እኔ ሞኙ ታዲያ ለሥነ ጽሑፍ ያለው ፍቅር ነው ብዬ ነበር። ከእሱ ጋር የእድራችን ሊቀመንበርና አንገታቸውን ለመነቅነቅ ብቻ የሚሄዱ ሌላ አንድ አዛውንት ተጨመሩ። ሽማግሌ ያለ ነቅናቂ አይሟላም።

እሑድ ጠዋት ወደ ፍሬሕይወት አባት ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት ላክኋቸው። ጋሽ ወልዴ ከዚራ የሚኖሩ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ነው ያሉት። እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ ቆየሁ። ሲመለሱ ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። ነቅናቂው እንኳ መነቅነቁን አቁሟል።

"እህ?" አልኩ።

"ወላሂ አንተዬ፣ ነገሩ አላማረም" አለ ሐጂ።

"ምን ብለህ ነው?"

"ምን እላለሁ? የማውቅልህን ሁሉ ተናገርኩ። አንድ ነገር አላስቀረሁም።"

"የምታውቅልኝ ምንድን ነው?"

ሐጂ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባቡሩን። ባሕሩን። ሹካውን።"

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ለካስ ሐጂ አማርኛ አጥርቶ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ ሻምበል ደምስን የሚያውቀው ቀትር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ጋደም ብሎ ከስልክ እየሰማ ነው። ስልኩ ደግሞ "እኔ፣ እኔ" ይላል። ጸሐፊው ማን ነው? ተከራዩ። እንግዲህ ሐጂ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

"ለምን አልጠየቅከኝም?" ብዬ ጮህኩ።

"እንዴት ይጠየቃል?" አለኝ፤ ተቆጥቶ። "ድሬ ላይ ሰው 'የት ነበርክ፣ ከማን ሸሸህ' አይባልም፤ 'ምሳ በላህ ወይ' ነው የሚባለው። አባቴ የተከራይ ምስጢር አልጠየቀም፣ እኔም አልጠይቅም። ስምህን ለውጠህ ካወራህ ምክንያት አለህ አልኩ። ዝም አልኩልህ። ዛሬ ግን ጉዳዩ የጋብቻ ነው፤ ሰውዬው 'ሙያው ምንድን ነው?' ሲለኝ ምን ልደብቅ?"

"እሺ፣ እሳቸው ምን አሉ?"

"'ስንት ሰው ገድሏል?' አለኝ። 'እኔ ክፍል ስምንት ድረስ ነው የሰማሁት' አልኩት።"

ሊቀመንበሩ ራሱን ያዘ።

"'ሚስትስ ነበረችው?' አለኝ። 'ጅቡቲ አንዲት አለች፤ ግን መርከቧ ላይ ቦምብ ፈንድቷል፣ መትረፏ ገና አልታወቀም' አልኩት። አልዋሸሁም አይደል?"

አልዋሸም። የጋሽ ወልዴ መልስ አጭር ነበር። "ልጄን ለጀግና አልሰጥም። ጀግና ቤቱ አያድርም።" ይህን ብለው ሽማግሌዎቼን እስከ በር ሸኝተዋል።

እኔ መጀመሪያ ሣቄ ነበር የመጣው። ማታውኑ ደውዬ ለፍሬሕይወት ሳወራላት ግን እሷ አልሣቀችም። "ታላቅ ወንድሜን ታውቃለህ አይደል?" አለች። "ሰፈሩ ሁሉ 'ደፋር' ይለው ነበር። ደፋርነቱን ይዞ በጀልባ ባሕር ተሻገረ። እግዜር ይመስገን ደርሷል፣ ዛሬ ሥራም አለው። ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ግን አባቴ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ ዛሬ ስልክ ሲጠራ ቆሞ ነው የሚያነሣው።" ቀጥላም፣ "እኔ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም። አንተንም ማጣት አልፈልግም። ስለዚህ ፈሪነትህን አሳየው" አለችኝ።

ያን ባሕር እኔ ሻምበል ደምስን ሳሻግረው አንድ ገጽ ተኩል ነው የፈጀብኝ። አፈርኩ። በነጋታው አንድ መጽሐፌን በብብቴ ሸጉጬ ራሴ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ወልዴ፣ እንደምን አደሩ? እርስዎን ለማነጋገር ነበር።"

"ድሬ አይደለም ያደግከው?" አሉኝ።

"ድሬ ነው።"

"ድሬ ያደገ ሰው ነው 'እርስዎ' የሚለኝ? አንተ የደበቅከው ነገር አለ።"

ከአክብሮቴ ጀመረ መከሰሴ! የሆነ ሆኖ ተቀመጥኩና ነገሩን አስረዳሁ። ሻምበል ደምስ የሚባል ሰው የለም፤ ባቡሩም፣ ባሕሩም፣ ሹካውም ከጭንቅላቴ የወጣ ነው አልኩ። መጽሐፉን ተቀብለው ፊቱን አዩ፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከፎቶው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፎቶው ተመላለሱ። ከዚያም ጣታቸውን ከሥር ባለችው መስመር ላይ አሳርፈው አነበቡልኝ። "'በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ።' ይሄስ?"

"እሱ ውሸት ነው።"

"ማን ነው የዋሸው?"

"እ... እኛ።"

"እንግዲያው ወይ ገዳይ ነህ፣ ወይ ውሸታም ነህ።"

"ውሸታም ነኝ ጋሽ ወልዴ!" አልኩ በደስታ። "ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸታም ነኝ!"

"ታዲያ ውሸታም ከሆንክ 'አልገደልኩም' ስትለኝ እንዴት አድርጌ ልመንህ?"

እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። ያገኘ ካለ ይጻፍልኝ።

ምስክር ፍለጋው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያች ክትባት ወጊ ነርስ ነው። "እኔ ፊትሽ እንደወደቅሁ መጥተሽ ለአንድ ሽማግሌ ንገሪልኝ" አልኳት። በሩን ዘጋ አደረገችና "ሻምበል፣ ምስጢርህ እኔ ጋ ነው" አለች። "ያን ቀን የወደቅከው ትከሻህ ውስጥ የቀረው ጥይት ነክቶህ ነው። ለማንም አልተነፈስኩም።" ሸሚዜን አውልቄ ትከሻዬን ላሳያት አልኩ፤ "አያስፈልግም፣ እኔ አምንሃለሁ" ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ አንድ ባጃጅ ነጂ ዘንድ ሄድኩ፤ ስጸልይ ሺ ጊዜ በመስታወቱ ያየኝ ነው። "ወሪያ ሻምበል!" አለ፤ "እኔ ጸሎት መሰለኝ እንዴ? ጠላት ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በጆሮህ እየለካህ አይደል? ክፍል አምስት ላይ አለ እኮ!" ክፍል አምስት ላይ አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። ጓደኞቹን ጠርቶ ስለ ትሕትናዬ ነገራቸውና እየዘመሩ ቤቴ አደረሱኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን ባወራሁ ቁጥር ይደፈርስ ጀመር።

በመጨረሻ ሐጂ ሙሜን ከሱቁ ጓዳ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኩት። እስኪገባው ደጋግሜ ነገርኩት።

"ማለት... ባቡሩ ላይ አልዘለልክም?"

"አልዘለልኩም ሐጂ። ባቡር ስሳፈር እንኳ መስኮት አጠገብ አልቀመጥም።"

"ባሕሩንም?"

"ዋና አልችልም።"

ፊቱ ወደቀ፤ የሰው ቤት ያፈረስኩ ያህል ተሰማኝ። ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል ጨርቅ አውርዶ መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ መርከብ፣ ያቺ ሴትዮ ጭምር... ቤቴ ውስጥ ተቀምጠህ ነው ከራስህ ያወጣኸው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "አላህ ያውቃል፣ ይሄ ከመዝለል ይከብዳል" አለና ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ደራሲ ከተባልኩ ወዲህ ደራሲ መሆኔን ያወቀልኝ ሰው ቢኖር ያን ቀን ሐጂ ነው። በዚያው ሰዓት ጫማውን አጥልቆ ጋሽ ወልዴ ጋ ሄደልኝ። እሳቸው ግን "ሐጂ፣ ያኔ ገዳይ ነው አልክ፤ አሁን ከዶሮ የባሰ ፈሪ ነው ትላለህ። ቃሉን የሚያዞር ምስክር ችሎትም አይቀበለው" ብለው መለሱት።

እንዲህ እንዳለን ጾሙ ሊፈታ ደረሰ። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት ፍሬሕይወት ደወለች። "አባዬ ይፈልግሃል። ዶሮ የሚባርክ የለም፣ ይምጣና ይባርክ ብሏል።"

የዋዜማ ቀን ለእኔ የዓመቱ ከባዱ ቀን ነው። እንደምታውቁት ባሏ የሌለ ሴት ዶሮና ቢላ ይዛ በር ላይ ትቆምና አላፊውን ወንድ "ወንድሜ፣ ባርክልኝ" ትላለች። ለሌላው ወንድ ይህ ጽድቅ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ዳቦ ቢያልቅብኝም ከቤት አልወጣም። አንዴ ሳላስበው ተይዤ ሴትዮዋን በፈረንሳይኛ አነጋግሬ ነው ያመለጥኩት፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ አልችልም።

መንገድ ላይ ያ ባጃጅ ነጂ አየኝና "ወዴት?" አለ። እንደ ሞኝ ነገርኩት። ጋሽ ወልዴ በር ስደርስ ሦስት ባጃጅ ሙሉ ሰው ተከትሎኛል፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቷል። "ሻምበል ሊያርድ ነው!" ይላሉ። እዚያች በር ላይ ቆሜ ነገሩን መዘንኩት። ዶሮውን ከባረክሁ ጋሽ ወልዴ "ይኸው፣ እጁ ደም ለምዷል" ይላሉ፤ ፍሬሕይወት ቀረች። ካልባረክሁ ደግሞ ጉዴ ዛሬውኑ በየስልኩ ይዞራል፤ ሻምበል ደምስ ሞተ፣ እንጀራዬም አብሮት ተቀበረ።  በመጨረሻ ለራሴ "ሻምበሉ ይሙት" አልኩና አንኳኳሁ።

ጋሽ ወልዴ ወጡ፤ ሕዝቡን አዩ፤ እኔን በክርኔ ጎትተው አስገቡና በሩን በሕዝቡ ፊት ዘግተው ቀረቀሩት። ከዚያ ቢላውን ሰጡኝ። ዶሮው ከጥላው ሥር ታስሯል። ቀይ፣ ትልቅ፣ ደረቱን የነፋ አውራ ዶሮ ነው። ጋሽ ወልዴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እጄን ብቻ ያያሉ። ፍሬሕይወት ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

"ባርክ" አሉኝ።

ሄድኩ፤ እውነቴን ነው፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ዶሮው አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። እኔም አየሁት። ገመዱን ልይዝ ጎንበስ ስል ክንፉን አራገበ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ቢላው አንድ ወገን፣ ጫማዬ ሌላ ወገን እንደሄደ አውቃለሁ። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ጩኸት ሰማሁና "ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው?" ብዬ ሳስብ እኔ ነኝ። ራሴን ያገኘሁት የውኃ ሮቶው የተቀመጠበት ቆጥ ላይ፣ ሮቶውን በሁለት እጄ አቅፌ ነው። ዶሮው ገመዱን በጥሶ ከሥር ይመላለሳል።

ከውጭ ጭብጨባ ተሰማ። "ሰማችሁ? ጨረሰው!" ይላል ባጃጅ ነጂው። "እንዴት አስጮኸው በአላህ!"

"እኔ ነኝ የጮኸሁት!" አልኩ ከሮቶው ላይ ሆኜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። "ስሙኝ! ፈሪ ነኝ! ዶሮ እፈራለሁ! ባቡር እፈራለሁ! ሻምበል ደምስ የለም!"

 ከውጭ አንዱ፣ "ጋሽ ወልዴን ለማረጋጋት ነው። ዝም በሉ፣ እቅዱን አታበላሹበት" አለና ሞተራቸውን አስነሥተው በአክብሮት ሄዱ።

ጋሽ ወልዴ ከበርጩማው ተነሥተው መጡና ከሥሬ ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እጄን፣ ባዶ እግሬን፣ የሚንቀጠቀጥ አገጬን። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጀመሪያ ንቀት ነው ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ትከሻቸው ወረደ፤ ከባድ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ትከሻ እንደሚወርደው።

"ቢላ አያያዝህን ሳይ ገና አውቄ ነበር" አሉ። "ጩኸቱ ደግሞ የሐሰት አይደለም። ዶሮ አየህና ሮቶ ላይ ወጣህ። ባሕር ብታይማ ወዴት ትሄዳለህ?"

"ወደ ቤቴ ጋሽ ወልዴ። በቀጥታ ወደ ቤቴ።"

"እሱን ነው የፈለግሁት" አሉ።

በዚህ መሐል ፍሬሕይወት መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አደረገች፣ ዶሮውን በአንድ እጇ አነሣችው፣ ቢላውን አቧራ ጠረገችለትና ጓሮ ዞረች። "በስመ አብ" ስትል ሰማሁ። ወዲያው ጸጥ አለ። ስትመለስ ዶሮው ዶሮ መሆኑን አቁሟል፤ እሷ ደግሞ ቀሚሷ ላይ አንዲት ጠብታ የለባትም።

እኔ አፌ እንደተከፈተ ነው። ሴት ልጅ! በዋዜማ! ጎረቤት ቢሰማ ዓመት ሙሉ ነው የሚወራው። ጋሽ ወልዴ በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከእናቷ ነው የተማረችው" አሉኝ። "እኔ በዕድሜዬ አንዲት ነፍስ አጥፍቼ አላውቅም። ዓይናቸውን ካየሁ አልችልም። በተጋባን በመጀመሪያው ፋሲካ ሚስቴ አዘነችልኝና 'አንተ በሩን ዝጋ' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን እኔ እዘጋ፣ ሥራውን እሷ ትሠራ ነበር። የሰፈር ሰው 'ጋሽ ወልዴ እጁ ንጹሕ ነው' እያለ ዶሮውን ሁሉ ወደኛ ይልክ ነበር። ዛሬም ይልካል።" ቀና ብለው እንደገና አዩኝ። "በል ውረድ። አትፍራ፣ መሰላሉን ይዤልሃለሁ።"

መሰላሉን ያዙልኝ። በባዶ እግሬ ቀስ ብዬ ወረድኩ። መሬት ስረግጥ ፍሬሕይወት ጫማዬን አቀበለችኝና ጆሮዬ ሥር "አሁን አገባህ" አለችኝ፤ ልቅሶዬ ሊመጣ ነው።

ገና ጫማዬን ሳላስር በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወልዴ ስንጥቅ ያህል ከፈቱት። የጎረቤት ሴትዮ ናት፤ አንድ ነጭ ዶሮ በክንፉ ይዛለች። "ጋሽ ወልዴ፣ እጅህ ንጹሕ ነው፣ ባርክልኝ" አለች። ተቀበሏት፣ "እሺ እህቴ፣ ትንሽ ጠብቂ" አሏትና ዶሮውን ፊታቸውን አዙረው ለልጃቸው አሻገሩላት። በሩ እንደተከፈተ ነው። ወደ መቀርቀሪያው እጃቸውን ሰደዱ፤ መለሱት፤ ወደ እኔ ዞሩ።

"ና" አሉኝ። "በሩን ዝጋ። ከእንግዲህ ይሄ ያንተ ሥራ ነው።"